ከቢጫው ጋቢ ጀርባ

ትናንት ሴቶቹ ለወንድሜ ተዝካር ቅቤ ሲያነጥሩ የኮሰረቱ ሽታ ከማጀት ወጥቶ ደጅ ድረስ መጣ። እኔ ከዳስ ሠሪዎቹ ጋር እንጨት ተሸክሜ ነበር። እንጨቱን አስቀምጬ ወደ ጓሮ ዞርሁ። ሰው ልቅሶ መስሎት ተወኝ። ልቅሶም ነበር። ከልቅሶው በፊት የመጣብኝ ግን እፍረት ነው።

ይርዳው በአምስት ዓመት ይበልጠኝ ነበር። ከተወለደ ጀምሮ አይሰማም፤ አይናገርም። ነገ አርባው ነው። እኔ ዜማ ቤት ከርሜ ቅኔው ላይ የቆምሁ ሰው ነኝ፤ ጽሕፈቴም እንደ ትምህርቴ ነው፤ ጥቂት ይሄድና ይቆማል። ቢሆንም ያን አንድ ዓመት፣ ከፍልሰታ እስከ ስቅለት ያለውን፣ እጽፈዋለሁ። ያን ዓመት የሚያውቁት እማሆይም መምሬም አልፈዋል። እማየ ስለዚያ ስትጠየቅ ዓይኗን ትጠርጋለች እንጂ አትናገርም።

ቤታችን ከደብረ ታቦር ወደ ጉና ሲወጣ፣ ርብን ተሻግሮ ነው። አባታችን ከንጉሡ ሠራዊት ጋር ዘምቶ አልተመለሰም ነበር። ሳይሄድ በፊት ለአንድ ጸሐፊ ነግሮ በብራና ፊደል አስጽፎልኝ ነበር። ጥቅል ነች፣ ክንዴን አታክልም። ጓደኞቼ እንዲህ ያለ አልነበራቸውም።

በዚያ ዓመት ሰባት ሞላኝና ለመጀመሪያ ጊዜ ፍልሰታን ጾምሁ። ሦስት ቀን ቻልሁ። በአራተኛው ቀን እማየ ወፍጮ ላይ ሳለች ማጀት ገብቼ የቅቤውን ቅል ከፈትሁና ጣቴን ነከርሁ። አንዴ አልበቃኝም። እማየ ማታውን ቅሉን ስትከፍት የጣት ፈለግ አየች።

«ማነው ይኸን ያደረገ?»

እጄ ከእኔ ቀድሞ ወደ ይርዳው ጠቆመ። እማየ ቅሉን አንስታ አሳየችው። ይርዳው አዎ እንደሚል ሰው ራሱን ነቀነቀ። ምን ነቀነቀ ይባላል፣ ለምንም ነገር ይነቀንቅ ነበር። ሰው የሆነ ነገር እያሳየ ሲያፈጥበት፣ አንገቱን ከፍ ዝቅ ካደረገው እንደሚተወው ተምሯል። እማየ ግን አልተወችውም። አርጩሜ ቆርጣ መታችው።

በማግሥቱ ለንስሐ አባታችን ለመምሬ ተገኘ ነገረቻቸው። መምሬ ክፉ ሰው አልነበሩም። «አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው አይደል?» አሉ። «እስከ ዛሬ በሕፃንነቱ አቁርቤዋለሁ። አሁን አድጎ ጾም ከሻረ ንስሐ መግባት አለበት። ንስሐ ደግሞ በአፍ ነው። እስኪናገር ይቆይ።»

እስኪናገር። ያን ቃል እማየ መንገዱን ሙሉ ደጋገመችው።

የፍልሰታ ቅዳሴ ሲያልቅ የቀዬው ልጆች ሁሉ ቆርበን፣ አፋችንን በነጠላ ሸፍነን ወጣን። ይርዳው ከደጀ ሰላሙ ውጭ ቆሞ ነበር። እያንዳንዳችንን አየ። ከዚያ የራሱን ነጠላ አንስቶ እንደ እኛ አፉን ሸፈነና ከሰልፋችን ኋላ ተከተለ። በአፉ ውስጥ ምንም አልነበረም። እማየ አየችው።

ከመስቀል በኋላ ወንዛዬ ፍል ውኃ ወሰደችው። ለሦስተኛ ጊዜዋ ነው። ደንቆሮነት በጆሮ የተወተፈ ሰም ነው ብዬ አስብ ስለነበር፣ ፍሉ ውኃ ሲያቀልጠው ይታየኝ ነበር። የፈራሁትም ለዚህ ነው። ሰሙ ከቀለጠ ይናገራል፤ ከተናገረ ያን ቅቤ ማን እንደ በላው ይናገራል። ሰባት ቀን ተጠምቆ ቆዳው ቀልቶ ተመለሰ። እኔ ደስ አለኝ። አንድ ቀን ከጋፋት በኩል መድፍ ሲሞከር ይርዳው ደረቱን በሁለት እጁ ያዘ፤ እማየም ሰማ ብላ እልል አለች። መሬቱ ሲንቀጠቀጥ የቤታችን ውሻም ተነሥቶ ነበር።

በዚያው መኸር የአባቴ ብራና ጠፋች። ፈለግሁ፣ አላገኘኋትም። ለየኔታ ነፋስ ወሰዳት አልሁ፤ ጆሮዬን ተቆነጠጥሁ።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል እማየ ሁለታችንንም ይዛ እማሆይ አመተ ማርያም ጎጆ ሄደች። እማሆይ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥግ ይኖሩ ነበር። ቢጫ ጋቢ ይለብሳሉ። ወሬ አይቋረጥባቸውም። ከዚያ በፊት ሰባት ዓመት አንድ ቃል ሳይናገሩ በገዳም መኖራቸውን ሰው ሁሉ ያውቃል። የሰባት ዓመት ቃል ሆዳቸው ውስጥ ተጠራቅሞ ኖሮ አሁን እየወጣ ነው ብዬ አምን ነበር።

«እማሆይ፣ ልጄን ያስተምሩልኝ» አለች እማየ። «ወንዛዬ ሦስት ጊዜ ወሰድሁት፤ ውኃው እንቢ አለኝ።»

«ውኃው ምን ያድርግ፣ አንች? ውኃ ገላ ያጥባል እንጂ ቋንቋ አያስተምር።»

«ለፋሲካ ይቁረብልኝ። ሌላ አልልም።»

እማሆይ ይርዳውን ቆመው አዩት። ቀጥለው እኔን አዩ።

«መጀመሪያ ይኸን ትንሹን አስወጭልኝ።»

«እሱማ አፉ ነው፣ እማሆይ። ያለ እሱ ማን ይነግርልዎታል?»

«ለዚሁ ነው የምልሽ። አፍ ሆኖት አፍ ነሣው።»

አስወጡኝ። አዘንሁ። የይርዳውን ርሃብ፣ ብርድ፣ ሕመም ለሰው የምናገር እኔ ነበርሁ። አንዳንዴ የራሴንም በእሱ ስም እናገር ነበር፤ ይርዳው ቆሎ ፈለገ እላለሁ፣ ቆሎው ለሁለት ይሰፈራል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከጎጆዋ ውጭ፣ ጭቃው በተሰነጠቀበት በኩል እየተቀመጥሁ አየሁ።

ፊደል አልሰጡትም። ጸሎት አላሳዩትም። ፊት ለፊቱ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ከኋላው የሚነካው ሰው ሲመጣ ይቆጣሉ። «ዞረህ ፊቱ ቁም» ይላሉ። ለእማየም ምክንያቱን ሲነግሯት ሰማሁ።

«ገዳም ሳለሁ የመገበሪያ ስንዴ አስጥተው ጠብቂ አሉኝ። ከመንደር አንዲት ዶሮ መጣች። በእጄ ባባርራት፣ ባባርራት፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ትለቅማለች። 'እሽ፣ አንች ሌባ' አልኋት። ሰባት ዓመት የያዝሁት አርምሞ በዚያ አለቀ።»

እማየ ሳቋን ያዘች።

«ሳቂ፣ ሳቂ። እመ ምኔቷም ስቃለች፣ ቀኖናውን ከሰጠችኝ በኋላ። እኔ ግን ከዶሮዋ አንድ ትምህርት አገኘሁ። ጀርባውን ላዞረ እጅ አይናገርም። ልጅሽን አሥራ ሁለት ዓመት ከጀርባው ነው ስታናግሩት የኖራችሁ።»

በገዳሙ ሁሉም ነገር በእጅ ምልክት ይነገር ነበር፤ ውኃው፣ እንጀራው፣ ሕመሙ፣ ይቅርታው። እማሆይ ግን ያን ሁሉ ወዲያው አላፈሰሱበትም። አስቀድመው የእሱን ምልክቶች ለቀሙ። እኔን ሲጠራ ጣቱን የላይኛው ጥርሱ ላይ ያደርጋል፤ ያን ጊዜ የፊት ጥርሴ ወልቆ ነበር። እማየን ሲጠራ መዳፉን ጉንጩ ላይ ያደርጋል። «በመጀመሪያው ሱባዔ ተማሪው እኔ ነኝ» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን ከተለቀመው ምስር ላይ ጠጠር ጣሉበት። ይርዳው አወጣ። መልሰው ጣሉ። አወጣና አያቸው። ሦስተኛ ሲጥሉ የእጃቸውን አንጓ ያዘ። ያዘና አጥብቆ ከምስሩ አራቀው።

«ተመስገን» አሉ እማሆይ። «እንቢ አለኝ።»

ያን ጊዜ ምልክቱን ሰጡት። አንዱን መዳፍ በሌላው መዳፍ ላይ ጠራርጎ ማውረድ፤ ፍርፋሪ እንደሚራገፍ። አይደለም። እስኪመሽ ተጫወቱበት። ምስሩን እያሳዩ በእጃቸው ድንጋይ ይሉታል፤ ይርዳው ይጠራርጋል። ጋናቸውን እያሳዩ በሬ ይሉታል፤ ይጠራርጋል፣ ይስቃል። የሳቁ ድምፅ እንደ ግልገል ነበር።

እማየ አልተዋጠላትም። «እማሆይ፣ ሃይማኖት ያስተምሩልኝ ብዬ እንቢታ አስተማሩልኝ?»

«አይደለም የማይል ልጅ አዎ ቢል ምኑ ይታመናል?»

ይኸን ስሰማ ከጭቃው ስንጥቅ ራቅ አልሁ።

ቀጥሎ ትናንት መጣ። እማሆይ እጃቸውን በትከሻቸው ላይ ወደ ኋላ ይወረውሩና ትናንት የሆነውን ይሠሩታል፤ ትናንት አዳልጧቸው ነበር፣ ዛሬ እንደገና ይወድቁለታል። እኒያ አሮጊት በቀን ስንት ጊዜ ወደቁ። ከዚያ የማን የሚለው መጣ። አመድ መሬት ላይ ነስንሰው መዳፋቸውን አተሙ፤ ይርዳውም የራሱን አተመ። እማየን ጠርተው አተመች። በመጨረሻ እኔንም ጠሩኝ።

«ና፣ አንተም እጅህን ስጥ።»

አተምሁ። ይርዳው መዳፉን በእኔ መዳፍ ፈለግ ላይ አሳረፈ። ጣቶቹ ከፈለጉ ወጥተው ቀሩ። ትንሽ አሰበ። ከዚያ እኔን አየኝ። እማሆይም ይርዳው ወዳየበት አዩ። የቅቤው የጣት ፈለግ ቀጭን እንደ ነበር ከእኔ በቀር የሚያስታውስ ያለ አልመሰለኝም ነበር።

በዚያን ሳምንት ዋሸሁ፤ ከቅቤው ቀጥሎ ሁለተኛው ትልቅ ውሸቴ ነው። ለእማየ «እማሆይ ይርዳውን ይቆነጥጡታል» አልኋት። ትምህርቱ እንዲቀር ነው የፈለግሁት።

እማየ ወፍጮዋን ትታ እየተቻኮለች ሄደች፤ እኔም ተከተልሁ። ጎጆዋ በር ላይ ስትደርስ ግን ከኋላው አልነካችውም። ዞረች፣ ፊቱ ቆመች። ክንዷን ቆነጠጠችና ወደ እማሆይ ጠቆመች። ቅንድቧን አነሣች።

ይርዳው እንዲነቀንቅ ጠበቅሁ። ዕድሜውን ሙሉ ነቅንቋል። እማየን አየ። እኔን አየ። ከዚያ መዳፉን በመዳፉ ላይ ጠራርጎ አወረደ።

አይደለም።

እማየ ደፉ ላይ ተቀመጠች። ቆይታ ልትፈትነው ፈለገች መሰለኝ፣ ክንዷን ደግማ ቆነጠጠችና ወደ ራሷ ጠቆመች። ይርዳው በደስታ ራሱን ነቀነቀ፤ ክንዱንም ገልጦ የትኛው ላይ እንደ ቆነጠጠችው አሳያት።

«እሰይ» አሉ እማሆይ። «ምስክርማ እንዲህ ነው።»

ስንወጣ እማሆይ እጄን ያዙ። የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር። «አንተ ልጅ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ከእንግዲህ ሥራ ፈታህ ማለት ነው።»

መምሬ ተገኘ ግን ገና አላመኑም። «ያልገባኝን አልፈታም፣ እማሆይ። አንቱ ላስተርጉም እንዳይሉኝ፤ ንስሐ በአስተርጓሚ አልሰማም።»

«እኔም አላስተረጉምም። እርስዎ ይማሩ እንጂ።»

«እኔ? በሽበቴ?»

«ሁለት ሱባዔ አለን፣ ከሆሳዕና በፊት።»

ከሆሳዕና እስከ ፋሲካ ኑዛዜ አይፈታም። ካለፈ አለፈ ማለት ነው። ስለዚህ መምሬ በየቀኑ ከቅዳሴ በኋላ መጥተው ከይርዳው ጎን ተቀመጡ። እጃቸው ደረቅ ነበር። አንድ ቀን የሆነ ነገር ጠይቀውት ይርዳው ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ምን አልሁት?»

«ጥምጥሜን በልተሃል ወይ አሉት» አሉ እማሆይ።

«እና ምን አለኝ?»

«ገና ነው አለዎት።»

ጎረቤት ሴቶች ይኸን ሁሉ ሲያዩ «እሱ ምስኪን ምን ኃጢአት አለው ብለው ነው የሚደክሙ፣ መልአክ እኮ ነው» ይሉ ነበር። እማሆይ ከልባቸው ሲቆጡ ያየሁት በዚህ ነው። «መልአክ አትበሉት» አሉ። «መልአክ ንስሐ አይገባም። ይርዳው ይገባል።» እኔም በልቤ ከሴቶቹ ጋር ነበርሁ። ኃጢአት ያለኝ እኔ፣ የሌለው እሱ። እንዲህ ተካፍለን የምንኖር ይመስለኝ ነበር።

ከሆሳዕና በፊት ባለው ዓርብ፣ ከሰዓት በኋላ፣ መምሬና ይርዳው ከቅጥሩ ጽድ ሥር ተቀመጡ። የሌላ ሰው ንስሐ በሹክሹክታ ነው፤ አጠገቡ ያለም አይሰማውም። የይርዳው ግን ዓይን ላለው ሁሉ ግልጥ ነው። እማሆይ ይኸን ያሰቡት አስቀድመው ነው። ቢጫ ጋቢያቸውን ከጽዱ ቅርንጫፍ እስከ አጥሩ ወጥረው ከለሉት። ከዚያ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ።

«አንችም ዙሪ» አሏት እማየን። ለእኔ ደግመው ነገሩኝ። «አንተ በተለይ።»

ዞርሁ። መቶ እስክቆጥር ዞሬ ቆየሁ፤ መቶ ግን አላውቅም ነበር፣ ሃያውን ነው የደጋገምሁት። ከዚያ አንገቴን መለስሁ።

ፀሐይዋ ከእነሱ በስተጀርባ ወደ ጣና ዘቅዝቃ ነበር። ጋቢው ላይ የይርዳው ጥላ ተስሏል። ጣቱን ጥርሱ ላይ አደረገ። እኔ ነኝ። ቅሉን ሠራ። ጣቱን ነከረ። አርጩሜውን ጀርባው ላይ ሠራ። ያውቅ ነበር። ያኔ ሲነቀንቅ ላያውቅ ይችላል፣ ኋላ ግን አውቆታል። እዚያ ላይ ያቆማል ብዬ ነበር።

አላቆመም። መዳፉን ደረቱ ላይ አደረገ፤ እኔ ማለቱ ነው። ሁለት እጁን አንድ ጥቅል እንደሚዘረጋ ዘረጋ። ጠቀለለው። ወረወረው። ከዚያ ጣቶቹ እንደ ርብ ውኃ እየተጥመለመሉ ወደ ታች ሄዱ፣ ሄዱ፣ ከጋቢው ጠርዝ ወጡ። ጥላው ጎንበስ አለና ከመሬቱ ጋር አንድ ሆነ።

የአባቴ ብራና።

ልጮህበት ፈለግሁ። የፍልሰታው ሁሉ ጠፋኝና ብራናዬ ብቻ ታየኝ። አፌን ስከፍት ግን በምን አወቅህ ቢሉኝ የምመልሰው እንደሌለኝ ገባኝ። አፌን ዘጋሁ። ያን ቀን ቤት ስንሄድ ከይርዳው ኋላ እየሄድሁ ጀርባውን አየሁት። እንደ እኔ የሚናደድ፣ እንደ እኔ የሚደብቅ ሰው ነበር። አንድ ቤት አብረን እያደርን አላውቀውም ነበር።

መምሬ በቀን አርባ ስግደት ሰጡት። እማየ ስለ ቅቤው መስሏት ደስ እያላት አየችው።

በጸሎተ ሐሙስ ይርዳው ቆረበ። ነጠላውን አፉ ላይ ጭኖ ከመቅደሱ ሲወጣ፣ በዚህ ጊዜ ከነጠላው ኋላ ያለ ነገር ነበር፤ አካሄዱ ያስታውቃል። ሙሉ ዕቃ እንደያዘ ሰው ነበር የሚሄድ። እኔ ከልጆቹ ጋር አልተሰለፍሁም። ለእማየ ጧት ውኃ ጠጥቻለሁ አልኋት። ይኸ ሦስተኛው ውሸቴ ነው።

በስቅለት ሕዝቡ ሲሰግድ ውሎ መጨረሻ ላይ እንደ ወጉ ወደ ካህናቱ ይቀርባል። ያጠፋውን ይናገራል፤ በወይራ ቅጠል ቸብ ቸብ ይደረግና ስግደት ይጨመርለታል። ልጆች ለጨዋታ ነው የምንሄድ። እኔ መምሬ ተገኘ ፊት ጎንበስ ስል እማየ ከኋላዬ ተራ ይዛ ነበር።

«አንተ ደግሞ ምን አጠፋህ?» አሉኝ መምሬ፣ እየቀለዱ።

«በፍልሰታ ቅቤውን የበላሁት እኔ ነኝ። እሱን አስመታሁት።»

ወይራው በአየር ላይ ቆመ። መምሬ ይርዳው ወዳለበት አልተመለከቱም። የሚያውቁት ነገር መሆኑ ከፊታቸው አይነበብም ነበር።

«ሌላስ?»

«እማሆይ አይቆነጥጡትም። ትናንትም ውኃ አልጠጣሁም።»

«ሌላስ?»

«ጋቢው ላይ... ዞሬ አየሁ።»

መምሬ ወይራውን ሦስት ጊዜ ትከሻዬ ላይ አሳረፉት። «አርባ» አሉኝ። «እንደ ወንድምህ።»

ቀና ስል እማየ ተራዋን ትታ ሄዳለች። ይርዳው ከግንቡ ጥግ ቆሞ ሰውን ይመለከት ነበር። እማየ ዞረች፣ ፊቱ ቆመች። በወፍጮ በሻከረ እጇ ቅሉን ሠራች። ጣቱን ሠራች። አርጩሜውን ሠራች። ወደ እሱ ጠቆመች። መዳፏንም በመዳፏ ላይ ጠራርጋ አወረደች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ሳመች።

እኔ ስግደቴን ጀመርሁ። ይርዳው መጥቶ ፊት ለፊቴ ቆመና በጣቶቹ ቆጠረልኝ። ግንባሬ መሬት ካልነካ ጣቱን አያጥፍም፤ መዳፉን ይጠራርጋል። አይደለም። እንደገና እሰግዳለሁ። አርባው ከስልሳ በላይ ሆነብኝ። እማሆይ ከሩቅ አይተው «እሱን መምሬ አድርጉት» ሲሉ ሰማሁ።

አርባው ሲሞላ ይርዳው ፊቴ ተቀመጠ። መዳፉን ደረቱ ላይ አደረገ። እጆቹን ዘረጋ፣ ጠቀለለ፣ ወረወረ፣ ርብንም አፈሰሰው። ራሱ ነገረኝ። ዛሬ መጻፌም ራሱ ስለ ነገረኝ ነው። አዲስ እንደሰማ ሰው ለመደንገጥ ሞከርሁ፤ አልሆነልኝም። ጣቱን ጥርሴ ላይ አድርጎ ሳቀብኝ።

ጥርሴ ከበቀለ ስንት ዓመቱ ነው። እስከ ሞተበት ሳምንት ድረስ የጠራኝ ግን በዚያው ነው።

ነገ ካህናቱ ፍትሐቱን ሲያደርሱ አርባ እሰግዳለሁ። የላላውን ስግደት የሚመልስብኝ የለም፤ ግንባሬን ራሴ እጠብቀዋለሁ። ስንቀብረው ፊቱን ወደ ምሥራቅ ነው ያስተኛነው። እኔም በዚያ በኩል ዞሬ ፊቱ እቆማለሁ።